ሐሙስ የሚለኩት እጆች

ሮዳ ሲያምዊዛ ቾማ ከተማ ዳር ባለ አንድ ትምህርት ቤት መስማት የተሳናቸውን ልጆች ስታስተምር ሃያ ስድስት ዓመት ሆኗታል። ሰው ሁሉ በበኩር ልጇ ስም ቢና ሉያንዶ ይላታል፤ የሉያንዶ እናት ማለት ነው። ድምፅዋ ሰላላ ስለሆነ ገበያ ላይ ጮክ ብላ ሰው መጥራት አይሆንላትም። በእጇ ስትናገር ግን ሌላ ሴት ትሆናለች። ስለ አንበሳ ስታወራ ከፊት የተቀመጡት ልጆች ወደ ኋላ ያፈገፍጋሉ፤ ቀልድ ከሆነ ደግሞ እጇ ወሬውን ሳይጨርስ ክፍሉ በሳቅ ይናጋል። ባሏ ጄረማያ ከባቡር መሥሪያ ቤት ጡረታ የወጣ ሰው ነው። «በአፏ ስትቆጣኝ እችለዋለሁ፤ በእጇ መቆጣት የጀመረች ዕለት ግን ውልቅ ብዬ መውጣት ነው» እያለ ይቀልድባታል።

በሃምሳ ስድስት ዓመቷ ግራ ጡቷ ላይ ጠጠር የሚያህል እብጠት አገኘች። ዋና ከተማ ሄዳ ጡቷ ተቆረጠ። መድኃኒቱንም ጨረሩንም ጨረሰች፤ የረገፈው ፀጉሯ ሽበት ሆኖ በቀለ። ሁሉም አለፈ ባለች ሰዓት ሐኪሟ አምስት ዓመት ሙሉ በየቀኑ የምትዋጥ ትንሽ ቢጫ ክኒን አዘዘችላት።

«ይቺ ዘበኛዎ ናት» አለቻት። «በሽታው ተመልሶ እንዳይገባ በር ላይ የምትቆመው እሷ ናት። ዘበኛ ደግሞ አንድ ቀንም ከሥራ አይቀርም።»

ዘበኛዋ ግን ስድስት ወር ሳይሞላት ባለቤቲቱን መደብደብ ጀመረች። ሮዳ ጧት ከአልጋ ስትነሳ ጉልበቷ አልታዘዝ ይላል። ጣቶቿ ተጨብጠው ያድሩና በሞቀ ውሃ እየነከረች አንድ በአንድ ትዘረጋቸዋለች። የሸሚዟን ቁልፍ የሚቆልፍላት ጄረማያ ነው። የንሺማውን ማማሰያ መያዝ ሲያቅታት እሱ ድስቱ ላይ ቆመ፤ ጎረቤት ሳቀበት፤ እሱ ግን «ባቡር ያንቀሳቀሰ ክንድ ገንፎ ያቅተዋል?» ብሎ ማማሰሉን ቀጠለ።

በክፍለ ሀገሩ ሆስፒታል ምዌምባ የሚባል ወጣት የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ነበረ። እንደ ሮዳ ያሉ፣ ከጡት ካንሰር ተርፈው ያችኑ ክኒን የሚውጡ ስምንት ሴቶችን ሰብስቦ ሐሙስ ሐሙስ ጧት ልምምድ ማሠራት ጀመረ። ልምምዱ የመገጣጠሚያ ሕመማቸውን ይቀንስ እንደሆነ ለማወቅ በመጀመሪያው ቀን ይለካቸዋል፤ አሥራ ሁለት ሳምንት ሲሞላ ደግሞ እንደገና ይለካቸዋል።

በመጀመሪያው ሐሙስ አንድ መስመር የተሰመረበት ወረቀት ፊቷ አስቀመጠ።

«ይህ ሕመምዎ ነው፣ ቢና ሉያንዶ። እዚህ ጫፍ ምንም የለም፤ ዜሮ። እዚያ ጫፍ ደግሞ ከዚህ የከፋ አይመጣም የሚሉት፤ አሥር። ባለፈው ሳምንት የተሰማዎት ቦታ ላይ ጭረት ያድርጉ።»

«አሥር የምትለው ምጥን ነው?»

«እሱን እኔ ከየት አውቄ፣ እማማ።»

«እንግዲያ ስምንት ይሁንልህ።»

ቀጥሎ የመጨበጥ ኃይል የሚለካ፣ መርፌ ያለው የብረት እጀታ አስጨበጣት። ባላት ኃይል ሁሉ ሦስት ጊዜ ጨመቀች፤ መርፌው ከአሥራ አንድ ኪሎ አላለፈም። ከወንበር ላይ በግማሽ ደቂቃ ውስጥ ስንት ጊዜ ተነስታ እንደምትቀመጥ ቆጠረ፤ ሰባት። ክዳን መክፈት ይችላሉ? ባልዲ ማንሳት? ፀጉር ማበጠር? እያለ ጠየቀና ሁሉንም መዘገበ። ሮዳ የራሷን አካል እንደ ተማሪ ካርድ ስታየው አፈረች። የወደቀች ተማሪ ነበረች።

ልቧን የሰበረው ግን ያ አልነበረም። በቀጣዩ ሰኞ፣ ክፍል ውስጥ የሆነው ነው።

ለስድስቱ ትልልቅ ልጆች የቃል ጽሕፈት እያስጻፈች ነበር። ለልጆቹ ቃል ማስጻፍ ማለት እያንዳንዱን ፊደል በጣት ቅርጽ ማሳየት ነው። በእንግሊዝኛ «ወንዝ» የሚለውን ቃል ሰጠቻቸው። ቃሉ በ«አር» ጀምሮ በ«አር» ያልቃል። «አር» ለማለት አመልካች ጣትና መሃል ጣት አንዱ በአንዱ ላይ ይጠላለፋሉ፤ ሳይጠላለፉ ጎን ለጎን ከቆሙ «ዩ» ይሆናል።

ደብተር ስትሰበስብ ቺሌሌኮ የምትባለዋ የዘጠኝ ዓመት ልጅ በሁለቱም ቦታ «ዩ» ጽፋለች።

«ዓይንሽ የት ነበር?» አለቻት ሮዳ በእጇ፣ ተቆጥታ።

«አንቺ ላይ» አለች ልጅቷ።

«እኔ ‹አር› ነው ያልኩት።»

«‹ዩ› ነው ያልሽው።»

ሮዳ የሌሎቹን ደብተሮች ገለጠች። ስድስቱም ያንኑ ስህተት ጽፈዋል። ስድስቱም ያዩትን ነው የጻፉት። እሷ በደብተሮቹ ላይ ፈዝዛ እንደቆመች ቺሌሌኮ ብድግ አለችና የመምህሯን ሁለት ጣቶች ይዛ ራሷ አጠላለፈቻቸው፤ እንዲህ ነው ለማለት። ሮዳ ጮኸች። ልጆቹ ጩኸቱን አልሰሙም፤ ፊቷን ግን አዩ። ቺሌሌኮ እጇን እንደ ተቃጠለ ሰው ሰብስባ ወደ ግድግዳው ሸሸች።

የዚያን ዕለት ሮዳ ክኒኗን አልዋጠችም።

ለሳምንት ብቻ ነው ብላ ነበር። ሳምንቱ ሦስት ሆነ፤ በሦስተኛው ሳምንት ጣቶቿ ተፈቱ። በአምስተኛው ሸሚዟን ራሷ ቆለፈች። በየወሩ መድኃኒት ቤቱ ሄዳ ክኒኗን ትቀበላለች፤ ስሟ ከመዝገብ እንዳይጎድል። የተቀበለችውን ክፍል ውስጥ ባለው ባዶ የጠመኔ ሣጥን ትከታለች። ሐሙስ ሐሙስ ልምምዷን አታስታጉልም። ቤትም ጄረማያ «ተነሺ እንጂ፣ መምህርት!» እያለ አብሯት ክንዱን ያነሳል፣ ጉልበቱን ያጥፋል፤ ስትድን እያየ እሱም ወጣት የሆነ መሰለው። ያን ስታይ አፏን ልትከፍት ትልና ቃሉን ትውጠዋለች። ክኒኑን የተወች ሴት ቃሉን መዋጥ ለመደች።

አሥራ ሁለተኛው ሳምንት ደረሰ። ሮዳ መስመሩ ላይ ሦስት ላይ ጭረት አደረገች። መርፌው አሥራ ዘጠኝ ኪሎ ላይ ቆመ። ከወንበር ተነስታ የተቀመጠችው አሥራ ሦስት ጊዜ። ምዌምባ እጀታውን ከእጇ ተቀብሎ አገላብጦ አየው፤ የተበላሸ መስሎት። እንደገና አስጨመቃት፤ አሥራ ዘጠኝ ተኩል።

«ሌላ መድኃኒት ጀምረዋል?»

«ኧረ የለም።»

«የባህል ነገር? ቅባት?»

«ምንም።»

«ክኒንዎን በየቀኑ ይውጣሉ?»

ወረቀቱ ላይ ባለችው ትንሽ ሣጥን አጠገብ እስክሪብቶው ቆሟል። ሮዳ እስክሪብቶውን እንጂ ዓይኑን አላየችም።

«አዎ» አለች።

ምዌምባ ምልክቱን አደረገ። ከዚያ በደስታ አዳራሹ ውስጥ ለተሰበሰቡት ሴቶች አወጀ፤ ጥቁር ሰሌዳው ላይም «ከስምንት ወደ ሦስት» ብሎ ጻፈ። «ይህ ልምምድ ነው! የቢና ሉያንዶ ትጋት ነው!»

ሴቶቹ አጨበጨቡ። ከመካከላቸው ሎቭነስ ሙሌያ ነበረች፤ ገበያው ውስጥ በእግር በሚዘወር መኪና የተማሪ ልብስ የምትሰፋ፣ ምላሰ ረጅም፣ የሃምሳ ዓመት መበለት።

«ቢና ሉያንዶ፣ እውነቱን ተናገሪ» አለች ሎቭነስ፤ «በአዞ ስብ ነው አይደል የምትታሺው? ለብቻሽ ደብቀሽ!»

አዳራሹ ሳቀ። ሎቭነስ ራሷ ሳቋን ቀድማ ጨረሰች። የእሷ ጭረት የዛሬ ሦስት ወርም ዛሬም ሰባት ላይ ነበረ፤ የመጨበጥ ኃይሏም አንድ ኪሎ ቀንሷል።

በቀጣዩ ሐሙስ ሎቭነስ ቀረች። በሚቀጥለውም ቀረች። ሮዳ ቅዳሜ ገበያ ስትወርድ ከስፌት መኪናው ኋላ የተቀመጠችው የሎቭነስ ታናሽ እህት ነበረች። ሎቭነስ ጉልበቷን ዘርግታ ከጎን በርጩማ ላይ ተቀምጣለች። ጉልበቶቿ አብጠው ቀሚሷን ወጥረውታል።

«ምን ሆነሽ ነው፣ እህቴ?»

«ልምምድ» አለች ሎቭነስ። «አንቺ በቀን አንዴ ሠርተሽ ከዳንሽ እኔ ሦስቴ ብሠራስ አልኩ። ይኸው።» ከዚያ ወደ እህቷ አየት አድርጋ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ለሌላ ሰው እንዳትናገሪ። ያው ክኒን ነው የምንውጠው፤ ያው ልምምድ ነው የምንሠራው። አንቺን ከለቀቀሽና እኔን ካልለቀቀኝ የኔው ከክኒኑ አይደለም ማለት ነው።»

«ታዲያ ከምንድነው?»

«በሽታው አጥንቴ ገብቷል፣ ቢና ሉያንዶ። ከዚህ ሌላ ምን ይሆናል? መኪናውን ለእህቴ ሰጥቻለሁ። ደንበኞቼን እያስተዋወቅኳት ነው።»

«ኧረ ተመርመሪ! ራጅ ተነሺ!»

«ለምን? የማውቀውን እንዲነግሩኝ? እኔ ሟርት ከፍዬ አልሰማም።»

ሮዳ አፏን ከፈተች። ቃሉ ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር። እህትየዋ የመኪናውን ፔዳል ረገጠች፤ መርፌው ይንጣጣ ጀመር፤ ሎቭነስ «ቀስ! ክሩን ትበጥሺዋለሽ!» ብላ ዞረች። ሮዳም «ሐሙስ ነይ፣ እባክሽ» ብቻ ብላ ተነሳች።

እሑድን ምንም ሳትቀምስ ዋለች። ብትናገር ክኒኑ ይመለሳል፤ ክኒኑ ከተመለሰ ጣቶቿ ይታሰራሉ፤ የልጆቹ ፈተና ደግሞ ሊደርስ አንድ ወር ቀርቶታል። ባትናገር አንዲት ጤነኛ ሴት በቁሟ ኑዛዜዋን ትጨርሳለች። ጄረማያ እርጎ የሞላ ኩባያ አቅርቦላት ግንባሯን ዳሰሰ።

«አመመሽ?»

«ጄረማያ፣ ክኒኑን ትቼዋለሁ» አለችው። «ከትዳር ጓደኛ የሚደበቅ አይደለም፤ ደብቄሃለሁ። ሦስት ወር አልፎኛል።»

ጄረማያ ኩባያውን ቀስ ብሎ አስቀመጠ።

«እና እኔ ጧት ጧት ክንዴን እንደ ሽመላ ሳርገበግብ የነበረው ለምንድነው?» አለ። ቀልድ ይመስላል እንጂ አልሳቀም። «አንቺ ልትሞቺብኝ ስትዘጋጂ እኔ እጨፍር ነበር!»

ተነስቶ ወደ ጓሮ ወጣ። ሮዳ አልተከተለችውም።

ሐሙስ ጧት የጠመኔ ሣጥኑን በጨርቅ ጠቅልላ ሆስፒታል ሄደች። ሎቭነስ መጥታለች፤ ምዌምባ ደውሎ ለምኗት ነው። አዳራሹ መሃል ወንበር ላይ ተቀምጣ እጀታውን ይዛለች፤ ሴቶቹ ዙሪያዋን ቆመዋል።

«ጭመቂ፣ ሎቭነስ! ጭመቂ፣ ጭመቂ!» ይላል ምዌምባ።

የሎቭነስ ከንፈር ነጣ፤ ክንዷ ተንቀጠቀጠ። መርፌው ዘጠኝ ላይ ደርሶ ተመለሰ። እጀታውን ጭኗ ላይ ጣለችውና «አልኩህ እኮ» አለች።

«ምዌምባ፣ ልጄ» አለች ሮዳ ከበሩ። ሰላላው ድምፅዋ ስላልተሰማ ሁለቴ ደገመችው። «ሰሌዳው ላይ የጻፍከው ቁጥር ውሸት ነው።»

ሰው ሁሉ ዞረ። ሮዳ ወደ ሎቭነስ ሄዳ ፊቷ በርከክ አለች፤ ጨርቁን ፈትታ ሣጥኑን ከፈተችው። ያልተከፈቱ የክኒን እሽጎች ተደርድረዋል።

«ጣቶቼ የተፈቱት በልምምድ አይደለም፤ ክኒኑን ስለተውኩት ነው። እየዋጥኩ ነው ብዬ ዋሸሁ። አንቺን የሚያምሽ ክኒኑ ነው፣ ሎቭነስ፤ እኔን ያመመኝ ያው ሕመም። ሞት አይደለም።»

ሎቭነስ አንዱን እሽግ አነሳች፤ ገለበጠችው፤ መልሳ አስቀመጠችው።

«በቁሜ ቀበርሽኝ» አለች በቀስታ። «ቅዳሜ አጠገቤ ተቀምጠሽ፣ መኪናዬን መስጠቴን እየሰማሽ፣ ዝም አልሽ?»

«ዝም አልኩ።»

«ተነሺ ከፊቴ። ተነሺ፤ ጉልበቴ ቢታዘዘኝ እኔው እነሳ ነበር።»

ሮዳ ተነሳች። ማንም አልያዛትም።

ምዌምባ ሮዳን ቢሮው ጠርቶ በሩን ዘጋ። ወጣት ፊቱ ጠቁሮ ነበር። «የመጨረሻዋን ክኒን የዋጡት መቼ ነው?» ብሎ ጠየቀ። ነገረችው። ጻፈ። እስክሪብቶውን አስቀመጠና እንዲህ አለ፦

«ይህን ቁጥር ሦስት ቦታ አውርቼዋለሁ። ‹በልምምድ ብቻ ይድናል› ብዬ። ነገ ሌሎች ሴቶች ሕመማቸውን ሲናገሩ ‹ስለሰነፍሽ ነው› ሊባሉ ነበር። ይገባዎታል?»

«ይገባኛል።»

«ለምን አልነገሩኝም? ሌላ ክኒን አለ እኮ! ሐኪሟ መቀየር ትችል ነበር!»

«አንተ የጠየቅከኝ ክዳን መክፈትና ባልዲ ማንሳት ነው» አለች ሮዳ። ራሷን ለማጽደቅ አልነበረም፤ እውነቱን ለመናገር ያህል። ከዚያ የቃል ጽሕፈቱን፣ ስድስቱን ደብተሮች፣ የቺሌሌኮን ነገር አንድም ሳታስቀር አወራችው። ሁለት ጣቶቿን አንስታ አጠላልፋ አሳየችው። ምዌምባ የራሱን ጣቶች አጠላልፎ አያቸው። ቁጣው አልጠፋም፤ ስልኩን ግን አንስቶ ዋና ከተማ ላለችው ሐኪም ደወለ።

ሁለቱም ሴቶች ለምርመራ ተላኩ፤ በአንድ አውቶቡስ፣ በተለያየ ወንበር። ሎቭነስ ከሹፌሩ ኋላ፣ ሮዳ ከመጨረሻው ረድፍ። አምስት ሰዓት ሙሉ አንድ ቃል አልተለዋወጡም። ውጤቱ አሥራ ሁለት ቀን ፈጀ። በነዚያ ቀናት ሮዳ ጎኗን በተኛች ቁጥር አንድ አዲስ ሕመም ታገኝ ነበር፤ ጀርባዋን፣ ጎድኗን፣ ብብቷን። ጄረማያ ማኩረፉን ትቶ ማታ ማታ እጇን ይዞ ይተኛል፤ ነገሩን ግን አያነሳም።

ሐኪሟ የደወለችው ሮዳ ክፍል ውስጥ ሳለች ነው። «የሎቭነስ አጥንት ንጹሕ ነው። የእርስዎም ላይ የታየ ነገር የለም» አለች። «ግን አይሳቱ፤ ሦስት ወር በሩ ያለ ዘበኛ ነበር። ማን ገብቶ ማን እንዳልገባ ዛሬ ማወቅ አልችልም። በየስድስት ወሩ አይዎታለሁ። ክኒኑን ቀይሬያለሁ፤ ይህኛው ካመመዎት በዚያው ቀን ለእኔ ይደውላሉ። ለእኔ!»

አዲሱ ክኒን አመማት፤ እንደ ፊተኛው ግን አይደለም። በሚቀጥለው ልኬት መስመሩ ላይ አምስት ላይ ጭረት አደረገች፤ መርፌውም አሥራ አምስት ኪሎ አሳየ። ምዌምባ የሮዳን የፊተኛ ቁጥር ሰርዞ አጠገቡ ምክንያቱን ጻፈ፤ ላወራላቸው ሰዎችም እየዞረ ስህተቱን ተናገረ፤ ለወጣት ባለሙያ ቀላል አልነበረም። ከጥያቄዎቹ በታች በእጁ አንድ ጨመረ፦ «በእጅዎ መሥራት የማይችሉት፣ ግን የሚያስፈልግዎ ነገር ምንድን ነው?» የሴቶቹ መልስ ገረመው። አንዷ ላም ማለብ አለች፤ ሌላዋ የልጅ ልጅ ፀጉር መጎንጎን። ሎቭነስ መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት አለች።

ለልጆቹም ሮዳ እውነቱን ነገረቻቸው። ጣቷ ‹አር› ማለት ባልቻለ ቀን ክንዷን ሁለቴ እንድትነካ፣ እነሱም እንዲያውቁ ተስማሙ። ቺሌሌኮ ፈተናውን አለፈች፤ ሁለት ልጆች ወደቁ፤ ሮዳ የጥፋቱ ስንት እጅ የእሷ እንደሆነ ለማወቅ ብዙ አሰበች፤ አላወቀችውም።

የሎቭነስ እህት መኪናውን አልመልስም ብላ ሽማግሌ እስከሚገባ ተጣሉ፤ በመጨረሻ ተመለሰ። ሎቭነስም ክኒኗ ተቀየረላት፤ ጭረቷ ወደ አራት ወረደ። ለሮዳ ግን ሰላምታ የሰጠቻት ዝናብ ገብቶ ከወጣ በኋላ ነው፤ ያም ቢሆን በአንገቷ ብቻ።

በሚቀጥለው ዓመት አንዲት አዲስ ሴት ሐሙስ ቀን መጣች። ወረቀቱን ይዛ፣ ጭረቱን የት እንደምታደርግ ጨንቋት፣ የሌሎቹን ቁጥር ትጠይቅ ጀመር። ሮዳ የእሷ አምስት መሆኑን ነገረቻት። ሴትዮዋ ሮዳን ከላይ እስከ ታች አየቻት፤ ያመነቻት አትመስልም።

«እመኛት» አለች ሎቭነስ ከወዲያ ጥግ፣ ጉልበቷን እያሸች። «እሷ አንዴ ዋሽታ ሁላችንንም ልትፈጀን ነበር። አሁን ዓይኗን ብታወጪው እንኳ አትዋሽም።»

ሎቭነስ በርጩማውን በእግሯ ገፋ አድርጋ «ምን ትገተሪያለሽ? ተቀመጪ እንጂ፤ ተራሽ ገና ነው» አለቻት። ሮዳ ተቀመጠች።